ለአንድ ቦርሳ አንድ ቢላዋ

የምሠራበት ድርጅት ቅዳሜና እሁድ ሰው ይዞ ተራራ ይወጣል። ወደ እንጦጦ፣ ወደ የረር፣ ወደ ወጨጫ፣ ወደ መናገሻ ሱባ ደን። ሁሉም ለአዲስ አበባ ቅርብ ናቸው፤ ጉም ሲወርድባቸው ግን ከተማ የሚባል ነገር መኖሩንም ያስረሳሉ። የእኔ ድርሻ ዕቃ ነው፦ ገመድ፣ የዝናብ ልብስ፣ የእጅ ባትሪ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን። ክረምቱ ሊገባ ሲል ሥራ አስኪያጃችን በእያንዳንዱ መንገድ መሪ የአደጋ ጊዜ ቦርሳ ውስጥ ቢላዋ እንዲጨመር አዘዙ። አንድ ቢላዋ። ከዚያ በላይ በጀቱም አይፈቅድም፣ ቦርሳውም አይችልም።

ሹፌራችን ይህን ሲሰሙ፣ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ እንድትንጠለጠል ሲባል አልሰማችሁም?» አሉ። ሥራ አስኪያጇም፣ «ጋሼ፣ ባላውን ተሸክመው ዳገቱን የሚወጡት እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ባላሉ» ብለው አሳቁን።

የቢላዋ ነገር ሲነሳ የማያውቅ ሰው የለም። አንዱ ገጀራ ካልሆነ አለ። ሌላው ኪስ ውስጥ የምትገባ ታጣፊ ሰንጢ ትበቃለች አለ። ሹፌራችን ደግሞ ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ካልሆነ ብረት ብለው አይቆጥሩትም፤ እሳቸው ራሳቸው ምናለሽ ተራ ያሠሩት አንድ አላቸው፣ ከወንበራቸው ሥር አይለይም። ክርክሩ ሳያልቅ የግዢ ክፍሉ ወጣት ገዝቶ መጣ።

የገዛውን ሳየው ሳቄ መጣ። ስለቱ 25 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው፤ ጀርባው እንደ መጋዝ ጥርስ አውጥቷል። እጀታው ክፍት ቱቦ ሆኖ ክዳኑ ላይ ኮምፓስ አለው፤ ክዳኑ ሲከፈት ክብሪት፣ መርፌና የዓሣ ማጥመጃ ክር ይወጣል። ወጨጫ ላይ ዓሣ የሚያጠምድ መንገድ መሪ ቢገኝ እኔም ምጣድ ይዤ እከተለዋለሁ። ወጣቱ ግን በዕቃው ኮርቷል፤ «ሁሉ ነገር አለው» ይለኛል። ችግሩ ሁሉ ነገር ያለው እጀታው ውስጥ መሆኑ ነው። እዚያ መኖር የነበረበት ብረት ነበር። ጥሩ የዱር ቢላዋ ስለቱና የእጀታው አጥንት አንድ ወጥ ብረት ናቸው፤ እንጨቱ ወይም ፕላስቲኩ ከግራና ከቀኝ የሚለበጥ ልብስ ብቻ ነው። እጀታው ባዶ ከሆነ ስለቱ በር ላይ ይቆማል፤ የሚይዘው አንድ ብሎን ነው። ይህን በጽሑፍ አስታወቅኩ። ዕቃው ግን መጋዘን ገብቶ ተመዝግቦ ነበር፤ የተመዘገበ ዕቃ ደግሞ በቀላሉ አይመለስም።

መጀመሪያ የታየው እንከን ከብረቱ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። በሆለታ መንገድ ኬላ ላይ መንገደኛ ወርዶ ሲፈተሽ ያ ቢላዋ ከቦርሳው ብቅ አለ። ፈታሹ ጨዋ ሰው ነበር፤ አልጮኸም፣ አልወረሰም፤ ግን «ይህ ለምን ያስፈልጋል?» ብሎ ጠየቀ፣ ጥያቄውም አግባብ ነው። ማስረዳቱ ረዘመ፤ እንግዶቹ ፀሐይ ላይ ቆሙ። ከዚያ በኋላ መንገድ መሪዎቹ ለማንም ሳይናገሩ ቢላዋውን መኪና ውስጥ እየተዉ መውጣት ጀመሩ። ክብደቱም አሰልችቷቸዋል። ስለዚህ የአደጋ ጊዜው ቢላዋ አደጋው ሊደርስ በሚችልበት ተራራ ላይ የለም፤ ታች መኪናው ውስጥ ተኝቷል። ስለ ብረት ዓይነት የሚጨቃጨቅ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያስብበት መልካም ነው።

ሐምሌ ላይ ሰው ስላነሰ እኔም ከቡድኑ ጋር ወጣሁ፤ ቢላዋው ቦርሳ ውስጥ እንዲሆን ያደረግኩትም እኔ ነኝ። የሄድነው በመናገሻ በኩል ነው። ደኑ በወጨጫ ተዳፋት ላይ ያለ ጥንታዊ ደን ነው፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ መጥቶ ተተከለበት ይባላል። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው እንዳለ ነው፤ ጉሬዛም አይጠፋም። ከፍ ሲሉ ግን ሌላ አገር ነው። የወጨጫ ጫፍ ከ3,300 ሜትር ይበልጣል፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ቅዝቃዜው በ6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። በዚያ ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲወርድ ከተማ ውስጥ ሹራብ የሚበዛበት ሰው መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

አንዲት እንግዳ ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። ተደግፋ ስትወርድ መንገዱ ረዘመ፣ ዝናቡ ያዘን። ከደኑ ውጭ የአንድ የጥበቃ ሠራተኛ ጎጆ ነበረችና ሰውየው «ግቡ፣ ግቡ» ብለው ምድጃቸውን ለቀቁልን። አብሯት የነበረው ወንድሟ የለበሰው የጥጥ ሹራብ ውኃ ጠጥቶ ከንፈሩ ጠቁሯል። እሳት ያስፈልጋል፤ ደጅ ያለው የባሕር ዛፍ ግንድ ግን በዝናብ ርሷል።

እዚህ ላይ ቢላዋ ለምን እንደሚያስፈልግ ይታያል። ዝናብ የመታው ደረቅ እንጨት የሚረጥበው ከላይ ነው፤ ልቡ ደረቅ ነው። ያንን ልብ ለማግኘት መፍለጥ ያስፈልጋል፤ ፋስ ከሌለ ስለቱን እንጨቱ ጫፍ ላይ አሳርፎ ጀርባውን በሌላ እንጨት መምታት ነው። ጎጆዋ ውስጥ ማጭድ እንጂ ፋስ አልነበረም። መንገድ መሪያችን የእጅ አንጓ የሚያህል እንጨት አቁሞ መታ፤ ስለቱ ገባ። እንደገና ሲመታ እጀታው እጁ ላይ ቀረ። ስለቱ እንጨቱ ውስጥ ተሰክቶ ቆሟል፤ ከእጀታው አፍ ደግሞ የጣት ጥፍር የማታክል የዛገች ብሎን ወደቀች። ክብሪቱ ረጥቧል። ኮምፓሱ ግን ሰሜንን በትክክል ያሳያል።

ደግነቱ ስልክ ስለሚሠራ ሹፌራችን ብርድ ልብስና ባሌስትራቸውን ይዘው በእግር ደረሱ። ግንዱን እንደ ዳቦ ቆረሱት። ግን እሳት የሚይዘው ፍልጥ ሳይሆን ስስ ፍቅፋቂ ነው፤ ያ ወፍራም ቢላዋ ደግሞ ፍቅፋቂ አያወጣም፣ እንጨቱን ይገነጥለዋል። ባሌስትራ 6 እና 7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ነው፤ ሳይሳሳ ከተሠራ ሽብልቅ እንጂ ቢላዋ አይሆንም። ፍቅፋቂውን ያወጣልን የመንገድ መሪው የኪስ ሰንጢ ነው። ሰንጢዋን ግን ማንም ለመምታት አልደፈረም፤ ታጣፊ ቢላዋ ሲመታ መቆለፊያው ከተለቀቀ የሚታጠፈው ጣት ላይ ነው። ጥበቃው የሰጡን ክብሪት ፍቅፋቂውን ያዘው፤ ልጁም ልብሱን አውልቆ በብርድ ልብስ ተጠቀለለ።

ሹፌራችን እሳቱን እየቆሰቆሱ፣ «አላልኩም ነበር? ሁለት ባላ!» አሉኝ። ምሳሌው አሸንፎኛል። በጀቱ ግን አልተለወጠም፤ ስለዚህ ሁለቱንም ሥራ የሚሠራ አንድ ባላ መፈለግ ነበረብኝ።

በማግስቱ ለሥራ አስኪያጇ የጻፍኩት ልኬት ይህ ነው። የማይታጠፍ፣ ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ የሚደርስ። የስለቱ ርዝመት ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር፤ ከዚህ ካጠረ የእጅ አንጓ የሚያህል እንጨት ሲፈለጥ የሚመታ ጫፍ አይተርፍም፣ ከረዘመም መኪና ውስጥ ይቀራል። ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር፤ ተመትቶ እንዳይሰበር፣ ለፍቅፋቂም እንዳይወፍር። ጀርባው ማዕዘኑ ያልተሞረደ፤ ሲፋቅ ብልጭታ የሚያወጣው የእሳት መጫሪያ ዘንግ የሚፋቀው በእሱ ነው። የመጋዝ ጥርስ አያስፈልግም። በስዊድን ሞራ በምትባል ከተማ የሚሠሩት ቢላዎች ብዙዎቹ ብረታቸው እጀታው መጨረሻ ሳይደርስ፣ ውፍረታቸውም 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ ዓለም የሚያመሰግናቸው ናቸው፤ አንድ ወዳጄ አሳይቶኛል፣ ምስጋናው ይገባቸዋል። መርካቶ ግን አላገኘሁም።

ስለዚህ ምናለሽ ተራ ሄድኩ። ቀጥቃጩ ሥዕሌን አይተው፣ «ይህ የሕፃን መጫወቻ ነው» አሉኝ፣ ግን ሠሩት። ከሠሯቸው ውስጥ ጥቂቶቹን መለስኩ። የስለቱን ጠርዝ በሞረድ ስነካው ሞረዱ ነከሰው፤ በደንብ የጠነከረ ብረት ላይ ሞረድ ይንሸራተታል እንጂ አይነክስም። ምክንያቱን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። ረዳታቸው ድንጋይ ላይ ሲያሳሳው አግሎት ሰማያዊ አድርጎታል፤ እዚያ ደረጃ ከደረሰ ጥንካሬው ሄዷል፣ እንደገና አግሎ ዘይት ውስጥ መንከር ያስፈልጋል። ነከሩት። እጀታውን ከወይራ አልብሰው በተቀጠቀጠ ምስማር አያያዙት፤ የቆዳ ሰገባውን ሌላ ባለሙያ ሰፋው።

ለኬላው ሥራ አስኪያጇ የቦርሳውን ዕቃ ዝርዝር በማኅተም ሰጡን። ፈታሾቹ አሁንም ይጠይቃሉ፤ ወረቀቱን አይተው ይመልሱታል።

ያልተቋጨው የዝገት ጉዳይ ነው። ይህ ብረት ካርቦኑ ስለሚበዛ በተራ ድንጋይ ይሳላል፤ ነገር ግን እርጥብ ሰገባ ውስጥ ካደረ ይዝጋል። አይዝጌ የሚባለው ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ስላለው ዝገትን ይችላል። ቢላዋውን አድርቆ ዘይት ለሚቀባ ሰው የአሁኑ ይሻላል፤ ለማይቀባው አይዝጌው። ከመንገድ መሪዎቻችን የትኞቹ እንደማይቀቡ አውቃለሁ፤ ለእነሱ አይዝጌ እንዲገዛ ጠይቄያለሁ። የግዢ ክፍሉ ወጣት «የመጪው ዓመት በጀት» ብሎኛል። እስከዚያ ድረስ ሰኞ ሰኞ ቢላዎቹን እየሰበሰብኩ የምቀባው እኔ ነኝ።