ሁሉንም ሽጡ ለሚሉ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሌሊት ተነስቶ አይስ ሆኪ የሚያይ ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ ግን አያለሁ። የአሜሪካው ቡድን ሴንት ሉዊስ ብሉዝ በሜዳው የሚያደርገው ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በእኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ነው።

በውድድሩ አጋማሽ ቡድን ሲዳከም የዝውውር ወሬ ይበዛል፤ «ሁሉንም ሽጡ፣ ቡድኑን በትኑት» የሚሉም ይነሳሉ። «ሽጡ» ይባል እንጂ እንደ እግር ኳሱ በገንዘብ አይገዛዙም። ተጫዋች በተጫዋች፣ ወይም ወጣቶችን በመምረጥ መብት ይለወጣል። ውሉ ላይ የሚከለክል አንቀጽ ከሌለ ተጫዋቹ እምቢ ማለት አይችልም። ልጆቹን ትምህርት ቤት ያስገባ አባት በአንድ ስልክ ከተማ ይቀይራል። ይሄ ሁሌም ያሳዝነኛል። የጊዮርጊስ ደጋፊ የሆኑት ጎረቤቴ ጋሼም ስነግራቸው «ሰው እንደ በግ ይለወጣል እንዴ?» አሉኝ።

«ቡድኑን በትኑት» ሲባል አልስማማም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2019 መጀመሪያ ብሉዝ ከሊጉ 31 ቡድኖች መጨረሻ ነበር። አሰልጣኙ ማይክ ዮ ቀደም ብለው ተሰናብተው ክሬግ ቤሩቤ ተተክተዋል። የአጥቂው የቭላዲሚር ታራሴንኮ ስም በየዝውውር ወሬው ይነሳ ነበር። አልሸጡትም። ጆርዳን ቢኒንግተን የተባለውን በረኛ አስገቡ። በቋሚነት በጀመረበት የመጀመሪያ ጨዋታ ፊላዴልፊያን 3 ለ 0 ረቱ፤ አንድም አልገባበትም! ጁን 12 ቦስተንን በገዛ ሜዳው 4 ለ 1 አሸንፈው የሊጉን ዋንጫ ስታንሊ ካፕን ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰዱ። ታራሴንኮም ዋንጫውን ካነሱት አንዱ ነው።