የአባዬ ክኒኖችና አንድ ትርፍ ብልቃጥ

አባዬ ሃርት አታክ ይዞት ከሆስፒታል በወጣ በሦስተኛው ሳምንት፣ ታናሽ ወንድሜ አንድ ብልቃጥ ይዞ መጣ። አርጂኒን የሚባል አሚኖ አሲድ ነው፤ አሚኖ አሲዶች ፕሮቲን የሚገነባባቸው ንጥረ ነገሮች ናቸው። «ደም ስር ያሰፋል፣ ልብ ይጠብቃል» አለ። ፍቅርና ጭንቀት ነው ያስገዛው። አባዬ እጁን ሲዘረጋ፣ «ቆይ አባዬ፣ ዛሬ ማታ ትንሽ ላንብብበት» ብዬ ተቀበልኩት።

ነገሩ ከመሬት የተነሳ አይደለም። በሃርት አታክ ጊዜ ተዘግቶ የነበረ የልብ ደም ስር ሲከፈት ኦክሲጅን በአንድ ጊዜ ይመለሳል። ያኔ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ሞለኪውሎች በብዛት ይፈጠሩና የተረፈውን ጡንቻ ጭምር ይጎዳሉ። ሊያድን የመጣው ደም መልሶ ሲጎዳ! ይሄ እስካሁን ይገርመኛል።

ሴሎቻችን ግን ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ግሉታታዮን የሚባል መከላከያ አላቸው፤ ከሦስት አሚኖ አሲዶች፣ ከግሉታሜት፣ ከሲስቴይንና ከግላይሲን የሚሠራ ነው። ከሦስቱ ዋናውን ሥራ የሚሠራው በሲስቴይን ላይ ያለው ድኝ ነው፤ ኤሌክትሮን እየሰጠ ፍሪ ራዲካሎቹን ያበርዳል።

ታውሪን የሚባል ሌላ የአሚኖ አሲድ ዓይነትም አለ፣ በልብ ጡንቻ ውስጥ በብዛት የሚገኘው። ድመቶች ይህን ራሳቸው በበቂ መጠን መሥራት አይችሉም። በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ታውሪን አንሷቸው ልባቸው የሰፋና የደከመ ድመቶች ታውሪን ሲሰጣቸው እንዳገገሙ አሳየ። ይህን ሳነብ ብልቃጡን ልከፍተው ምንም አልቀረኝም። ግን ለድመቶቹ የተሞላላቸው የጎደላቸው ነገር ነው። አባዬ አርጂኒን ጎድሎታል ያለን ሐኪም የለም።

ከዚያ በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመውን ጥናት አገኘሁ። ሃርት አታክ ያጋጠማቸው 153 ሰዎች ናቸው። ገሚሱ ከመደበኛው ሕክምና ጋር አርጂኒን፣ ገሚሱ ባዶ ክኒን ይወስዳል። አርጂኒን የወሰዱት ሰዎች ልብ ከሌሎቹ የተሻለ አልሆነም። አርጂኒን ከወሰዱት 6 ሰዎች ሞቱ፣ ከሌሎቹ አንድም። ጥናቱ ተቋረጠ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ አጋጣሚም ሊሆን ይችላል። ቢሆንም በአባዬ ልብ አልሞክረውም።

ጠዋት ለወንድሜ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና ብልቃጡን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ከዚያ የአባዬን የክኒን ሳጥን አንስቶ ከፈተ። የትናንቷ አስፕሪን እዚያው ቁጭ ብላለች።

«አባዬ፣ ይቺስ?»

«ረሳኋት ልጄ።»

እኔ ሌሊቱን ሙሉ ስለ አሚኖ አሲድ ሳነብ ሳጥኑን አንድ ጊዜ እንኳ አልከፈትኩትም ነበር። አሁን ወንድሜ በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይደውላል፤ አባዬ ክኒኑን እስኪውጥ ስልኩን አይዘጋም።