ጀበናው ሲያቃጥል እጅ ለምን ቀድሞ ይሸሻል?

ትናንት ቡና እየፈላ ልጄ ጀበናውን ነካችው። እጇን እንደ መብረቅ ሰበሰበችና ከዚያ በኋላ ነው «አቃጠለኝ!» ብላ የጮኸችው። እጇን ቀዝቃዛ ውሃ ስር ይዤላት ትንሽ ስትረጋጋ፣ «እማዬ፣ እጄ ሳላዘው እንዴት ሸሸ?» አለችኝ። ገና 6 ዓመቷ ነው። የልጅ ጥያቄ እውነተኛ መልስ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

እንዲህ አልኳት። ጣትሽ ውስጥ ነርቭ የሚባሉ፣ እንደ ክር የቀጠኑ መልእክተኞች አሉ። ሙቀቱ ሲነካቸው ወሬውን በኤሌክትሪክ ምልክት ይዘው በክንድሽ ሽቅብ ይሮጣሉ፤ ጀርባሽ ላይ አከርካሪሽ ውስጥ ያለው ህብለ ሰረሰር ጋ ሲደርሱ፣ እሱ አንጎልን ሳይጠብቅ ጡንቻሽን «ቶሎ አንሺው!» ብሎ ያዛል። አንጎልሽ ወሬውን የሚሰማው ትንሽ ቆይቶ ነው፣ ህመሙም ያኔ ይመጣል። ደግሞ ሁሉም ነርቮች እኩል አይፈጥኑም። ፈጣኖቹ በሰከንድ እስከ 120 ሜትር ያደርሳሉ፣ ያንን የሚያንገበግብ ህመም የሚያመጡት ግን 1 ሜትር ገደማ ብቻ። መጀመሪያ ወጋ አድርጎሽ ኋላ ያንገበገበሽ ለዚህ ነው።

«ታዲያ አንጎሌ ምን ይሰራል?»

ብዙ! የአዋቂ ሰው አንጎል 1.4 ኪሎ ገደማ ቢመዝን ነው፣ ግን ወደ 86 ቢሊዮን የነርቭ ሴሎች አሉት። ጀበና እንደሚያቃጥል የሚያስታውስሽ እሱ ነው። ስትተኚ እንኳ ቀን የተማርሽውን ያደላድላል (ልጆቼን ማታ በጊዜ ተኙ የምላቸው ወድጄ አይደለም)።

ዛሬ ቡናው ሲቀርብ ራቅ ብላ ተቀመጠች። «አንጎሌ ነገረኝ» አለችኝ።