ለአሮጌ ላዳ ሁለት ካርቡራተር የሚሸከም ማኒፎልድ እንዴት ሠራሁ

ላዳዬ 2101 ናት፤ ያቺ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ አዲስ አበባን ስታመላልስ የኖረችው ዓይነት። ሞተሯ 1198 ሲሲ፣ የሲሊንደሩ ስፋት 76 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ምት 66። ፋብሪካው 60 ፈረስ ጉልበት ገደማ ሰጥቷታል። ይህ ግን ባሕር ጠለል ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት የዚያ ሦስት አራተኛ ብቻ ስለሆነ ሩቡን ያህል ከጉልበቷ ቀንሱ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጣ በሁለተኛ ማርሽ ምን እንደምትሆን የነዳት ያውቃል።

"ሽጣትና ሌላ ግዛ" የሚለኝ ሰው አላጣሁም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ "ኤሌክትሪክ ግዛ" ሆኗል። እሺ፣ ገንዘቡን አምጡ።

ወደ ነገሩ ልግባ። ማኒፎልዱን፣ ማለትም አየርና ቤንዚን ከካርቡራተሩ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያደርሰውን ቱቦ፣ ለመሥራት ያነሳሳኝ የጉልበት ጥማት አልነበረም፤ እሳት የሚጭሩት የካንዴላዎቹ ቀለም ነው። ፋብሪካው በሠራው ማኒፎልድ ላይ ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው አንድ ካርቡራተር መሀል ይቀመጣል። ለ2ኛና ለ3ኛ ሲሊንደር መንገዱ አጭር ነው፣ ለ1 እና ለ4 ረጅም። እኔ ካንዴላ ባወጣሁ ቁጥር የመሀሎቹ ጥቁር፣ የዳርቻዎቹ ነጣ ያሉ ናቸው። እንዲህ በሆነ ሞተር ላይ ካርቡራተር ብታስተካክል ለማን ታስተካክላለህ? ለመሀሎቹ ብታሳሳ፣ ማለት ቤንዚኑን ብትቀንስ፣ ዳርቻዎቹ ይራባሉ፣ ለዳርቻዎቹ ብታወፍር መሀሎቹ ያጨሳሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ድብልቁ ለአራቱም እኩል ይዳረስ፣ ጉልበቱ ከመጣ ይምጣ ብዬ ተነሳሁ።

የላዳ ቴስታታ፣ ማለት ከሲሊንደሮቹ በላይ የሚቀመጠው የሞተሩ ክዳን፣ ለዚህ ሥራ ይመቻል። ቀዳዳዎቹን ከፊት ወደ ኋላ ስትቆጥሩ ጭስ፣ አየር፣ አየር፣ ጭስ፣ ከዚያ እንደገና ጭስ፣ አየር፣ አየር፣ ጭስ ነው። የ1 እና የ2 አየር ማስገቢያ ጎን ለጎን ነው፣ የ3 እና የ4ም እንደዚሁ። ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ካርቡራተር ብትሰጠው መንገዶቹ ሁሉ እኩል ይሆናሉ። ካርቡራተር ደግሞ ሱማሌ ተራ ሞልቷል፤ ከሞቱ ታክሲዎች የወረደ። ሁለት የ2101 ካርቡራተር መርጬ ስገዛ ያየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቢራቢሮዋ፣ አየሩን የምትከፍትና የምትዘጋው ክዳን፣ ዘንግ ይወላወላል ወይስ አይወላወልም። ከተወላወለ በዚያ አየር ይሰርቃል፣ ሚኒሞውም (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞርበት ዙር) መቼም አይረጋም። ሌላው ሁሉ ይታጠባል፣ ይቀየራል።

ቀጥሎ የቱቦው ስፋት። እዚህ ላይ ከበያጁ ጋር ትንሽ ተከራከርን።

"ልጄ፣ ሰፋ አድርገህ ሥራው፣ ይተንፍስ እንጂ" አለኝ።

"ጋሼ፣ ሲሰፋ እኮ አየሩ ይተኛል" አልኩት።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በደቂቃ 2500 ዙር፣ ማለትም ከተማ ውስጥ ዘወትር በምንነዳበት ፍጥነት፣ ፒስተኑ አየር በሚስብበት ጊዜ በ30 ሚሊሜትር ቱቦ ውስጥ የአየሩ አማካይ ፍጥነት በሰከንድ 35 ሜትር ገደማ ነው። በ38 ሚሊሜትር ቱቦ ወደ 22 ይወርዳል። አየሩ ሲዘገይ ቤንዚኑ ብናኝ መሆኑን ትቶ በግድግዳው ላይ ይንጠባጠባል፣ ነዳጅ ስትሰጣት ታስላለች። በ5600 ዙር ለሚሮጥ ሰው ሰፊው ሊጠቅመው ይችላል፤ እኔ ግን ፒያሳ ሰልፍ ላይ ነኝ። በ30 ሠራሁት። ጋሼ አላመነኝም፣ ግን ሠራልኝ።

ፍላንጁን፣ ማለት ማኒፎልዱ ከቴስታታው ጋር በብሎን የሚታሰርበትን ጠፍጣፋ ብረት፣ ከ10 ሚሊሜትር ላሜራ ነው ያስቆረጥኩት። አዲስ ጓርኒሲዮን (መሀል የሚገባውን ማሸጊያ) ላሜራው ላይ አስቀምጦ በስል መጫር በቂ ነው፣ ሌላ ሥዕል አያስፈልግም። አንድ ፍላንጅ ለአራቱም ከማድረግ ይልቅ ሁለት ለየብቻ አደረግኩት፤ አንዱ ለ1 እና 2፣ አንዱ ለ3 እና 4። ረጅም ፍላንጅ ሲበየድ እንደ ሙዝ ይጎብጣል፣ አጭሩ ግን እምብዛም። ከዚህም ጋር ሱማሌ ተራ ስንጥቅ ያለበት የማይረባ ቴስታታ በርካሽ ገዛሁ። ሥራውን ያዳነው እሱ ይመስለኛል። ፍላንጆቹ እሱ ላይ በብሎን ጥብቅ ብለው ታስረው ነው የተበየዱት፣ የወረዱትም ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዙ በኋላ ነው። በትኩሱ ብትፈታው ድካምህ ሁሉ ገደል ገባ።

ስለ ቱቦው አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ምናለሽ ተራ የውሃ ቱቦ በየዓይነቱ አለ፣ ዋጋውም ደስ ይላል፣ ግን አብዛኛው ዚንክ የተለበጠ ነው። ዚንክ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ሰው ያሳምማል፤ ሌሊቱን በብርድ ብርድና በትኩሳት ያሳድራል። እኔ ለጭስ ማውጫ የሚሸጠውን ጥቁር ብረት፣ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር የሆነውን ወሰድኩ፤ ጠማማውንም ከዚያው ቆረጥኩ።

ብየዳው በአርጎን ጋዝ ነው። በተራ ኤሌክትሮድም ይያዛል፣ ነገር ግን ከውስጥ በኩል የሚፈነጠረው ጠብታና ቅርፊት አንድ ቀን ተነቅሎ ቫልቭ ላይ ይቀመጣል፣ ከዚያ ሲሊንደሩን ይፍቀዋል። በአርጎን ተበይዶም ቢሆን የውስጡን ስፌት ጣቴ እስከሚደርስበት በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ለሰለስኩት። መስታወት እንዲመስል አይደለም፣ ትንሽ ሻካራ ቢሆን ይሻላል። ትልቁ ነገር ቱቦው ከቴስታታው ቀዳዳ ጋር የሚገጥምበት ቦታ ላይ ደረጃ እንዳይኖር ነው።

ከዚያ ብረት በማሽን ወደሚላጭበት ፍሬዛ ቤት። የፍላንጁ ፊት ተላጠ። እዚህ ላይ ላዳ አንድ ተንኮል አላት፤ የአየሩና የጭሱ ማኒፎልድ በአንድ ጎን ናቸው፣ አንዳንዶቹን ብሎኖችም ይጋራሉ። አንድ ወፍራም ሮንዴላ ሁለቱን ፍላንጅ እኩል ይጫናል። የኔ ፍላንጅ ከጭሱ ፍላንጅ ቢሳሳ ወይም ቢወፍር ሮንዴላው ያዘነብላል፣ አንደኛው ወገን ይለቃል። ስለዚህ የጭሱን ፍላንጅ ውፍረት በካሊፐር ለካሁና ፍሬዛው የኔን እዚያ ላይ እንዲያቆም ነገርኩት። 10 ሚሊሜትር ወፍራም ነገር የመረጥኩትም ለሚላጠው ትርፍ እንዲኖረኝ ነው።

ሁለቱን ግማሾች የሚያገናኝ ቀጭን ቱቦም አለ፣ ከውስጥ 12 ሚሊሜትር፣ መሀሉ ላይ በቤንዚን ጎማ የተቀጠለ። ጌጥ እንዳይመስላችሁ። የዚህ ሞተር አቀጣጠል 1-3-4-2 ነው። 3 ስቦ ወዲያው 4 ይስባል፣ 2 ስቦ ወዲያው 1። ማለት አንዱ ካርቡራተር ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ይጎተትና ረጅም እረፍት ያደርጋል፣ ከዚያ ተራው የሌላው ነው። መገናኛ ቱቦው ይህንን ግፊያ ያለዝበዋል። ጎማውን በፒንሳ ቆንጥጣችሁ ብትሞክሩ ወዲያው ሚኒሞው ሲንገጫገጭ ትሰማላችሁ።

ከመግጠሜ በፊት ቀዳዳዎቹን ሁሉ ደፍኜ፣ ከአሮጌ ካላማዳሪያ ላይ የቆረጥኩትን መንፊያ አስገብቼ፣ በብስክሌት ፓምፕ ትንሽ ነፋሁትና የሳሙና ውሃ ቀባሁት። አረፋ የወጣበት ተመልሶ ተበየደ። አየር የሚሰርቅ ማኒፎልድ ተገጥሞ ካርቡራተር ማስተካከል የቀን ሕልም ነው።

ገጠማው ላይ ሁለት ነገር አስቸገረ። አንደኛው ሙቀት። የጭሱ ማኒፎልድ ከካርቡራተሮቹ ሥር ነው። ከፍታ ላይ ደግሞ ቤንዚን ቶሎ ይፈላል፤ ቀን ላይ አቁመህ ቡና ጠጥተህ ስትመለስ አልነሳም ትላለች። ከካርቡራተሮቹ ሥር ሙቀት የማያሳልፍ የባካላይት ማቀፊያ፣ ከጭሱ በላይ ደግሞ በሁለቱም በኩል አየር የሚያሳልፍ የላሜራ ጋሻ አደረግኩ፣ ችግሩ ተወገደ። የፋብሪካው ማኒፎልድ በራዲያተር ውሃ ይሞቅ ነበር፣ እኔ ያንን ተውኩት። ዋጋው ጥዋት ጥዋት ነው፤ በጥቅምትና በኅዳር ብርድ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ቾክ ይዛ ታጉረመርማለች። ደብረ ብርሃን ብኖር ኖሮ የውሃውን መንገድ አልተወውም ነበር።

ሁለተኛው ሁለቱን ካርቡራተሮች አብሮ መክፈት ነው። አንዱ በፀጉር ያህል ቀድሞ ከከፈተ ግማሽ ሞተር ነው የምትነዳው። ቀጭን ጎማ ጆሮዬ ላይ፣ ሌላው ጫፍ በየተራ ካርቡራተሮቹ አፍ ላይ፤ የፉጨቱ ድምፅ እኩል እስኪሆን ብሎኑን ማዞር። መሣሪያ አለ፣ ጆሮም ይበቃል። ለሁለቱም የየራሳቸው መመለሻ ሞላ አድርጉ፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ነዳጁን ይዘጋል።

ጂግለር፣ ማለት ቤንዚኑን የምትመጥነው ባለቀዳዳ ትንሽ ብሎን፣ ላይ ሰፊ ወሬ አለ፣ ባጭሩ ልናገር። የፋብሪካው ዋና ጂግለር 135 ነው፣ ማለት ቀዳዳው 1.35 ሚሊሜትር። በዚህ ከፍታ ካርቡራተር በራሱ ወደ 12 በመቶ ያህል ያወፍራል፣ ስለዚህ የቀዳዳው ስፋት ወደ 127 መውረድ አለበት። እኔ ከ125 ጀምሬ 120 ላይ ረጋሁ፣ ካንዴላዎቹም አራቱም አንድ ዓይነት ቡናማ ሆኑ። እውነት ለመናገር የልፋቴ ደመወዝ ያ ቀለም ነው። አንዳንድ ቦታ ቀዳዳውን በሊድ ደፍነው መልሰው ይበሱታል፤ ይሠራል፣ ግን ሁለት እኩል ቀዳዳ መብሳት ቀላል ስላልሆነ ቁጥሩ ያለበትን ፈልጋችሁ ግዙ። ወደ አዳማ ስወርድ፣ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ማለት ነው፣ ትንሽ ትሳሳለች። ድሬዳዋ ድረስ የምሄድ ከሆነ 125ቱን ይዤ ነው የምወጣው።

አሁን እንዴት ናት? ከታች ትስባለች፤ በሦስተኛ ማርሽ ዝቅ ባለ ዙር ነዳጅ ስትሰጣት ያ ሳልና መንቀጥቀጥ የለም። የእንጦጦን ዳገት በሁለተኛ ሳትለምን ትወጣዋለች። የመጨረሻ ፍጥነቷ አልተለወጠም፣ ማንም ይለወጣል ቢላችሁ አትመኑ። ቤንዚን ከተማ ውስጥ ከበፊቱ ትንሽ ጨምራ ትበላለች፣ ሁለት የማፋጠኛ ፓምፕ ስላላት እግር በነካ ቁጥር ሁለቱም ይረጫሉ። አሁን የአንዱን ፓምፕ ምት ለማሳጠር እየሞከርኩ ነው።