ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ፦ ታፔላ፣ ባነርና የቪኜሊ ካርታ

ኮምቦልቻ መነኻሪያ ለአንድ ሻንጣ 100 ብር ተጠየቅሁ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ተው ልጄ፣ እንግዳ አይበዘበዝም» ብለው ረዳቱን ተቆጡት፤ በ40 ብር ተስማማን። ዋጋው ተለጥፎ ቢሆን ክርክሩም ባልመጣ። ሚኒባሱም ታፔላ አልነበረውም። የሐረጎን ጠመዝማዛ ጨርሰን ደሴ ስንገባ ብርዱ ተቀበለን።

ደሴ ላይ አቅጣጫ የሚነገረው በሰፈር ስም ነው፦ ፒያሳ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ሰኞ ገበያ። ይህ ያስታወሰኝ ማሲሞ ቪኜሊን ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ሚላን ተወልዶ ኒው ዮርክ የከበረው ይህ ዲዛይነር፣ በ1972 ባወጣው የኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ካርታ መስመሮቹ በ45 እና በ90 ዲግሪ ብቻ እንዲታጠፉ አደረገ፤ ለየመስመሩ ቀለም፣ ለየጣቢያው ነጥብ ሰጠ። ዓይን የሚያሳርፍ ሥራ ነው። ግን የከተማዋን ረጅም መናፈሻ ሴንትራል ፓርክን ካሬ አድርጎ ግራጫ ስለቀባው፣ ከጣቢያ የወጣ ሰው ካርታውና መሬቱ አልገጥም አሉት። በ1979 ተቀየረ። ደሴ ላይማ ጭራሽ አይሆንም፤ የጦሳን ተራራ በቦታው ያላስቀመጠ ካርታ ማን ያምነዋል?

ቪኜሊ ከዲዛይነር ቦብ ኖርዳ ጋር በ1970 ለዚያው ባቡር ያዘጋጀው የምልክት መመሪያ ግን ለዚህች ከተማ የተጻፈ ይመስላል። መመሪያው እንደሚለው፣ ምልክት የሚቆመው መንገደኛው በሚወስንበት ቦታ ነው፤ ቀድሞም ዘግይቶም አይደለም። ፒያሳ መንገዱ በሚከፈልበት ቦታ ቆሜ ሳይ፣ ቀስት ያለው ሰሌዳ መታጠፊያው ካለፈ በኋላ ተተክሏል።

እዚያው አቅራቢያ አንዲት ባነር ቤት ገባሁና ቀኑን ያካካሰ ነገር አየሁ። ደንበኛው ሦስት ፎንትና ስድስት ቀለም ይፈልጋል። ዲዛይነሯ «ጋሼ፣ በአንድ ፎንት ልሥራልዎ፣ ከሩቅ ይነበባል» አለችው። ቪኜሊ ለአሜሪካን አየር መንገድ በ1967 የሠራው ዓርማ በአንድ ፎንትና በሁለት ቀለም እስከ 2013 መቆየቱን ብታውቅ ደስ ይላት ነበር።

አሠራሯን ልብ በሉ። ፊደል ለማስፋት ጎኑን አትጎትትም፤ ሲለጠጥ ቋሚው መስመር ይወፍራል፣ አግድሙ ግን ባለበት ይቀራል፣ የ«ው» እና የ«ሙ» ክብም ቅርጹ ይዛባል። መጠኑን ከነቁመቱ ታሳድጋለች። በፓወር ግዕዝ (የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም) የተጻፈውን ወደ ኩርባ፣ ማለትም ፎንት ወደማይፈልግ ሥዕል፣ ሳትቀይር ፋይሉን ለማተሚያ አትልክም፤ ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ አማርኛው የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ሆኖ ይወጣል። ዋናውን መስመር በኤ4 አትማ ከመንገዱ ማዶ ታስለጥፋለች፤ ከበሯ ቆማ ካላነበበችው ቃል ትቀንሳለች እንጂ ፊደል አታጨናንቅም። ጠርዙንም ሁለት እጥፍ አድርጋ ነው የማሰሪያ ቀለበት የምትመታው፤ በነጠላው ከተመታ ንፋስ ይቀደዋል።