ፓራሳይቱን ትታችሁ ነጭ ሴሉን ፈልጉ፦ ባህርዳር ላይ የእንግዴ ልጅ ስላይድ እንዴት እንዳነበብኩ

ለማስተርስ ምን እየሰራህ ነው ሲሉኝ "የእንግዴ ልጅ ላይ ነው" ስል ሰው ፊቱን ያጨማድዳል 😀 ግን ጣና ዳር ሆኖ ኢሚውኖሎጂ ለሚማር ሰው ከዚህ የተሻለ ርዕስ ከየት ይመጣል፣ ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ እስከ ህዳር ድረስ ፎገራና ደራ ወባ ይበረታል፣ ነፍሰጡሯንም አይምርም።

ችግሩ የጣት ደም ብቻ አይቶ ነጻ ነሽ ማለት አለመቻሉ ነው። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ፓራሳይት የገባበት ቀይ ደም ሴል ቫር-ቱ-ሲኤስኤ የሚባል ፕሮቲን ላዩ ላይ ያወጣና የእንግዴ ልጁ ላይ ካለው ኮንድሮይቲን ሰልፌት ኤ ከሚባል ስኳር መሰል ሞለኪውል ጋር ይጣበቃል (መጣበቁ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው)፣ ስለዚ ፓራሳይቱ እዛ ተከማችቶ የጣቷ ደም ኔጌቲቭ ሊል ይችላል። የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ደግሞ ለዚህ ፕሮቲን አንቲቦዲ ገና ስለሌላት ይብስባታል፣ ቀጥሎ ባረገዘች ቁጥር እየገነባች ትሄዳለች።

ከላቡ በፊት ግን ፈቃድ አለ። እኛ ሀገር የእንግዴ ልጅ እቤት ተወስዶ ይቀበራል፣ ዝም ብሎ ሚጣል ነገር አይደለም። አንዷ የወላድ እናት "ልጄ፣ እሱን ለማንም ሰጥቼ አልሄድም" አሉኝ፣ እኔም "እማማ የአውራ ጣቴን ጫፍ ምታህል ነው ምቆርጠው፣ የቀረውን አሽጌ እሰጥዎታለሁ፣ ይዘውት ይሂዱ" አልኳቸው፣ ተስማሙ። ከዛ በኋላ ለሁሉም መጀመሪያ ምናገረው ይሄንኑ ሆነ። ማስረዳቱንም ምጥ ላይ ላለች ሴት አታድርጉት፣ ቀደም ብሎ ለክትትል ስትመጣ ነው መነጋገር፣ ሲስተሮቹ በዚህ በጣም አግዘውኛል።

ናሙናው ከእናትየው በኩል ካለው ገጽ፣ ከእትብቱ መጋጠሚያና ከጠርዙ መሀል ነው ሚቆረጠው። ከዛ ቶሎ ፎርማሊን (ቲሹ እንዳይበሰብስ ሚያደርግ ፈሳሽ) ውስጥ፣ የባህርዳር ሙቀት ቲሹ አያቆይም፣ ፎርማሊኑም የቲሹውን 10 እጥፍ ይሁን ምክንያቱም ይሄ አካል ደም በደም ነው።

ፎርማሊኑ በፈር (አሲዳማ እንዳይሆን ሚይዘው ጨው) ያለው መሆን አለበት፣ እዚህ ላይ አልደራደርም። አሲዳማ ሲሆን ከደሙ ጋር ተዋህዶ ቡናማ-ጥቁር ነጠብጣብ ይሰራል፣ እሱ ደግሞ ሄሞዞይንን፣ ማለትም ፓራሳይቱ ሄሞግሎቢን በልቶ ሚተወውን ፒግመንት ቁርጥ እሱን ይመስላል፣ ፖላራይዝድ ላይት (በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሚርገበገብ ብርሃን) ብታደርጉም ሁለቱም ያበራሉ፣ በቃ ስራው ተበላሸ ማለት ነው። አሰራሩ ቀላል ነው፦ 100 ሚሊ ሊትር ኮንሰንትሬትድ ፎርማሊን፣ 900 ሚሊ ዲስትልድ ውሃ፣ 4 ግራም ሞኖቤዚክና 6.5 ግራም ዳይቤዚክ ሶዲየም ፎስፌት።

ፓራፊኑን፣ ማይክሮቶሙን፣ ሄማቶክሲሊን ኢዮሲኑን (ቲሹውን በሰም መድፈኑን፣ በስሱ መቁረጡንና ማቅለሙን) እዘለዋለሁ፣ የትም ያው ነው (መብራት ሚጠፋበትን ሰዓት ማወቅ ግን የስራው ግማሽ ነው)።

አሁን ማንበቡ። መጀመሪያ ላይ አይን ወደ ፓራሳይቱ ይሮጣል፣ እኔ ግን ጊዜዬን የሰጠሁት ለሞኖሳይቶቹ፣ ማለትም ለእናትየው ነጭ ሴሎች ነው። ከቪለስ (የእንግዴ ልጁ ጣት መሰል ቅርንጫፍ) ውጪ ያለው ክፍተት የእናት ደም ያለበት ነው፣ ኢንፌክሽኑ ሲቆይ ሞኖሳይትና ማክሮፋጅ (ባዕድ ነገር ሚውጥ ነጭ ሴል) በኬሞካይን፣ ማለትም ሴል በሚጠራ ኬሚካል እየተጠሩ እዛ ይከማቻሉ፣ ፒግመንቱን ይውጣሉ፣ ቲኤንኤፍ የሚባል ብግነት ሚያስነሳ ፕሮቲን ይለቃሉ፣ ከ2500 ግራም በታች ሚወለደው ህጻን ጋር አብሮ ሚታየውም ከፓራሳይቱ ብዛት ይልቅ ይሄ ክምችት ነው ብዙ ጊዜ። እናትየው መድኃኒት ወስዳ ፓራሳይቱ ቢጠፋም ፒግመንቱ በሴሎቹና በፋይብሪኑ (ደም ሲረጋ ሚሰራው ክር) ውስጥ ይቀራል። ስለዚ ፓራሳይት ብቻ ካለ ኢንፌክሽኑ አዲስ ነው፣ ፓራሳይትም ፒግመንትም ካለ ቆይቷል፣ ፒግመንት ብቻ ከሆነ አልፏል። ቪቫክስ የሚባለው ሌላው የወባ ዝርያ ግን እዚህ አካባቢ ቢኖርም እንዲህ እንግዴ ልጅ ላይ አይከማችም፣ ስለዚ ዝርያውን ሳትመዘግቡ ስላይድ አታወዳድሩ።

ሌላ ሚያሳስተው ሆፍባወር ሴል ነው። እሱም ማክሮፋጅ ነው ግን የጽንሱ ነው፣ ቪለሱ ውስጥ ነው ሚቀመጠው፣ ከእናትየው ሞኖሳይት ጋር ደምራችሁ እንዳትቆጥሩ። ሲዲ68 (ማክሮፋጅ ሚለይ ማቅለሚያ) ብትቀቡም ሁለቱንም ነው ሚቀባው፣ ሚለያቸው ያሉበት ቦታ ነው፣ እኔ የቪለሱን ጠርዝ ቀድሜ በአይኔ ተከትዬ ከዛ ነው ቆጠራ ምጀምረው።