ስታቲስቲክስን የበላችው ዶሮ

ነገሩ የጀመረው ስታቲስቲክስ ላይ ኤፍ የበላሁ ጊዜ ነው። የኤፉ ሐዘን ሳይወጣልኝ በሚቀጥለው ሴሚስተር ወባ ጣለኝና ዊዝድሮዋል ሞልቼ ወጣሁ። ድኜ ወደ ግቢ ስመለስ ባቾቼ ጥለውኝ ሄደዋል። አዲሶቹ ደግሞ «ጋሼ» ይሉኛል።

ሳይኮሎጂ የሚማር ሰው ችግሬ ወዲያው ይገባዋል። ለሌሎቻችሁ ላስረዳ። እኛ ግቢ ስታቲስቲክስ ያላለፈ ሳይኮሎጂካል ቴስቲንግ አይወስድም፤ ሪሰርች ሜተድስም አይገባም። ሪሰርች የሌለው ሲኒየር ኢሴይ (የመመረቂያ ጽሑፍ መሆኑ ነው) አይጽፍም። ያ ሁሉ አልፎ ደግሞ ከ2015 ጀምሮ የመጣው የመውጫ ፈተና በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እያንዳንዱ ኮርስ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ብቻ ስለሆነ፣ አንዱን ያመለጠ ሰው ዓመት ሙሉ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

አድቫይዘሬ የኮርሶቹን ዝርዝር፣ ማለትም ብሬክዳውኑን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ብሬክዳውኑን አየ። «ቀሪ ኮርሶችህን በአምስት ሴሚስተር ደልድለህ ከእረፍት ስትመለስ አምጣልኝ» አለኝ።

«ግማሽ ቀን ይበቃኛል!» አልኩት።

ይህን ያልኩት እኔ እንግዲህ፣ ሳይኮሎጂስቶቹ ካነማንና ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 «ፕላኒንግ ፋላሲ» ብለው ስም ስላወጡለት ነገር ፈተና ላይ በትክክል የመለስኩ ሰው ነኝ። ሰው የራሱ ሥራ የሚፈጅበትን ጊዜ ሲገምት አብዛኛውን ጊዜ አሳንሶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ ጥናት ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በአማካይ በ34 ቀን ገደማ እንጨርሳለን ብለው 55 ቀን ተኩል ፈጅቶባቸዋል። እኔ ግን ጥናቱን አንብቤዋለሁና አይመለከተኝም።

የካቲት ላይ ቢቸና አካባቢ ወደሚገኘው ቤታችን ሄድኩ። መጀመሪያ በወረቀት ሞከርኩ። አንዱን ኮርስ ሳነሳ ሌሎቹ ሦስቱ ይናዳሉ፤ ስጽፍ ስሰርዝ ወረቀቱ ተቀደደ። በሦስተኛው ቀን (ግማሽ ቀኑ መሆኑ ነው) አንድ ሐሳብ ብልጭ አለልኝ። ሽምብራ የተወቃበት ሰሞን ስለሆነ ቤቱ በእህል ሞልቷል። የእናቴን ሰፌድ አውርጄ በጥጥ ክር አምስት ቦታ ከፈልኩት፤ አምስት ሴሚስተር። አንድ ፍሬ አንድ ክሬዲት አወር። ሽምብራ ሜጀር ኮርስ ነው። ጓያ ኮመን ኮርስ፤ ኮመን ኮርስም እንደ ጓያ ብዙ ከበሉት ሽባ ያደርጋል። በቆሎ ደግሞ ፕሪሪኩዚት፣ ማለትም ሳያልፉት ሌላው የማይወሰድ ኮርስ፤ ትልቅም ነው፣ ቢጫም ነው፣ ከሩቅ ይታያል።

ከሩቅ መታየቱ በኋላ ጉድ አፈላ።

በሩን ገርበብ አድርጌ ሰፌዱ ላይ ተደፍቼ ፍሬዎቹን በጣቴ እየገፋሁ እደለድላለሁ። ሥራ ሲጥመኝ ጮክ ብዬ የማሰብ አመል አለብኝ፤ ኮርሶቹን በየስማቸው እጠራለሁ። «አብኖርማል፣ አንተ ና ወደዚህ። ፐርሰናሊቲ፣ እዛው ቆይ፣ ተራህ አልደረሰም። ኮግኒቲቭ! ኮግኒቲቭ የት ገባህ?» ቀና ስል ጎረቤታችን እማሆይ በበሩ ስንጥቅ እያዩኝ ነው። እሳት ሊጭሩ መጥተው ነበር። አፋቸውን ይዘው «በስመ አብ!» አሉና እሳቱንም ሳይጭሩ ሄዱ።

ዶሮዋ ግን አልሄደችም። የእማሆይ ዶሮ ናት፤ እሳቸውን ተከትላ መጥታለች። እማሆይን ልጠራ ደጅ ወጥቼ ስመለስ ሦስቱን በቆሎ ለቅማ አራተኛውን እያነጣጠረች ነበር። ሦስቱ በቆሎ ማን መሰሏችሁ? ስታቲስቲክስ። እኔ ስታቲስቲክስ ላይ ኤፍ በላሁ፣ እሷ ስታቲስቲክስን ራሱን በላችው። ጾም ባይሆን ኖሮ በወጥ መልክ አስመልሳት ነበር። ስትሸሽ ደግሞ በክንፏ ሁለተኛውን ሴሚስተር ሦስተኛው ላይ ደፋችው።

የነበረውን በቃሌ መልሼ ደረደርኩ። ሳይኮሎጂስቱ ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 መርሳትን የለካው ትርጉም የሌላቸው ቃላት በራሱ ላይ እየሞከረ ነው። እኔ ትርጉም ያለውን ነገር በአስር ደቂቃ ውስጥ ረሳሁ።

ማታ ራት ሳንበላ የማዶው ጎረቤታችን መጡ። እኚህ ሰውዬ ትናንት መንገድ ላይ «አንተ ምናምንቴ፣ ትምህርቱስ አላልቅ አለህ?» ብለውኛል። ዛሬ ጋቢያቸውን አጣፍተው በር ላይ ቆሙና «እንደምን አመሹ?» አሉኝ። አንቱታው ለአባቴ መስሎኝ ዞር አልኩ። አባቴ አልገባም።

«አህያዬ ጠፋችብኝ ጌታዬ።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«እንግዲህ በዚያው… በሽምብራው ቢያዩልኝ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እማሆይ መንደሩን አዳርሰውታል። የእነ እገሌ ልጅ ከተማ ሄዶ የሰው ልብ የሚያነብ ትምህርት ተማረ፤ አሁን ደግሞ ጠጠር መጣል ጀመረ፤ ጋኔኖቹንም በየስማቸው ነው የሚጠራቸው። አንደኛው ኮግኒቲቭ ይባላል።

«ኧረ እኔ ጠጠር ጣይ አይደለሁም፣ ኮርስ ነው የምደለድለው» ብል ማን ሰምቶኝ! ሰውዬው «ገብቶኛል፣ ገብቶኛል፣ ለማንም አልናገርም» እያሉ ይጠቅሱኛል። እንዲሄዱልኝ ብዬ ጠየቅኳቸው። «አህያዋን መቼ ነው የገዟት?» ባለፈው ሳምንት። «የሸጠልዎትስ ሰው የየት ነው?» የየዕድ ውሃ። «እንግዲያውስ ወደለመደችው ቤት ተመልሳ ይሆናላ!» ይህን ለማወቅ ሳይኮሎጂ አያስፈልግም፤ እረኛ መሆን ይበቃል። ሰውዬው ግን እኔን ትተው የሚያዩት ሰፌዱን ነበር።

በማግስቱ አህያዋን እየነዱ መጡ። በቢራ ጠርሙስ አረቄ ይዘዋል።

ከዚያ በኋላ ያለውን አታንሱብኝ። አንዷ «ምራቴ ምን እያሰበች እንደሆነ እይልኝ» ብላ መጣች። አንዱ ጎረምሳ የዓረብ አገር ቪዛዬ ይወጣል ወይ አለኝ። እናቴ መጀመሪያ ተናዳ ነበር፤ ሁለተኛዋ ሴትዮ ጥሬ ቡና ይዛ ስትመጣ ግን «እስቲ ትግባ፣ እንግዳ አይመለስም» አለች።

አባቴ ሲሰማ ቤቱ ተናወጠ። «በእኔ ቤት ጠጠር አይጣልም! ለዚህ ነው በሬ ሸጬ ያስተማርኩህ?» ብሎ በነጋታው የነፍስ አባታችንን የኔታን በጆግ ጠበል አስይዞ ይዟቸው መጣ። እናቴ ልጄን ብላ ስታለቅስ፣ የኔታ ምንም ሳይጠይቁ ከራስ እስከ እግሬ ረጩኝ። የተረፈውን ሰፌዱ ላይ አርከፈከፉት። ሶሻል ሳይኮሎጂና ካውንስሊንግ ከእኔ ጋር አብረው ተጠመቁ።

ውሃው ከአገጬ እየተንጠባጠበ ሁሉንም አስረዳኋቸው። የኔታ ዋሸራ ቅኔ የቆጠሩ ሰው ናቸው። ጸጥ ብለው ሰሙኝና በርጩማ ስበው ሰፌዱ አጠገብ ተቀመጡ።

«ይቺ በቆሎ ማን ናት?»

«ስታቲስቲክስ ናት የኔታ።»

«ከሷ ጎን ያለችውስ?»

«ሪሰርች ሜተድስ።»

«ያለዚያች ይህቺ አትገባም አላልከኝም?»

ዝም አልኩ። ከዶሮዋ በኋላ በቃሌ ስደረድር ሁለቱን አንድ ሴሚስተር ውስጥ ከትቻቸዋለሁ። አምስት ቀን ሙሉ ሳላየው!

«ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው» አሉ የኔታ። «መወድስ ስምንት ቤት ነው። ሁለቱን ቤት መምታት ያቃተው ተማሪ ስምንቱን ዛሬ ካልተቀኘሁ ሲል ምን እንደምንለው ታውቃለህ?»

«ምን ትሉታላችሁ?»

«ውሃ ቅዳ።»

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። የኔታ «ይህቺ ብቻዋን ትቅደም፣ እነዚህ የማንንም በር አይጠብቁምና እዚህ ሙላበት፣ መጨረሻው ላይ ሸክም አታብዛ፣ ጽሑፍህ አለ» እያሉ በጭራቸው እጀታ ሽምብራውን ወዲያ ወዲህ ይነዱታል። አድቫይዘሬ በሁለት ዓመት ያልነገረኝን በአንድ ሰዓት ጨረሱት። አባቴም ቀስ በቀስ ተጠግቶ አጎንብሷል። «አብኖርማልን ወደዚህ ብናመጣውስ የኔታ?» ይላል። የኔታም በጎርናና ድምፃቸው «አብኖርማል ይምጣ!» ሲሉ በሩ ሲጥ አለ።

እማሆይ። እሳት ሊጭሩ።

የኔታን አዩ፣ ሽምብራውን አዩ፣ ጭራውን አዩ። የኔታ ቀና ብለው «እማሆይ፣ ይግቡ እንጂ» አሏቸው። እማሆይ ግን ለሁለተኛ ጊዜ እሳቱን ሳይጭሩ ተመለሱ። የኔታ ያን እሑድ ስብከታቸውን ሲጀምሩ በቀኝ በኩል ያሉት ሴቶች እርስ በርስ ይጎሻሸሙ ነበር።

ሰፌዱን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ወደ ግቢ ተመለስኩ። ግማሽ ቀን ያልኩት ዘጠኝ ቀን ፈጀ። አድቫይዘሬ ፎቶውን በጣቱ እያሰፋ ከአንደኛው ሴሚስተር እስከ አምስተኛው ተራ በተራ አየው። «ጎበዝ፣ ቅደም ተከተሉ ልክ ነው፤ ማን አገዘህ?» አለኝ። ከዚያ ወደ ታችኛው ጥግ ሄደና ቆመ። መነጽሩን አስተካከለ።

«ይቺ ዶሮ ስንት ክሬዲት ናት?»